ገና «ተገላገልን» አንበል፦ «እርዳታው ቀረ፣ ተገላገልን» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

አንድ የቆየ ባልደረባዬ «አንብበውና ንገረኝ» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ርእሱ «እርዳታው ቀረ፣ ተገላገልን» ይላል። ልናደድ ተዘጋጅቼ ጀመርኩት፤ ግማሹን ግን ራሴን እየነቀነቅሁ ነው ያነበብኩት። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። እርዳታ ገበሬውን አስንፎታል። ገንዘቡ ዞሮ የሚገባው ወደ ሰጪው ኪስ ነው። የደረሰንንም የራሳችን ሰዎች ሰርቀውታል። እድርና እቁብ፣ ደቦና ወንፈል ያለው ሕዝብ የማንንም ስንዴ አይሻም። ግድቡን በገንዘባችን እንደሠራን ሌላውንም እንሠራለን። በመጨረሻም፣ አሜሪካ የእርዳታ ድርጅቷን ዩኤስኤአይዲን ስለዘጋች ልማትን በአገሬው ሰው እጅ የማስገባቱ ነገር፣ በእኛ በእርዳታ ሠራተኞቹ ቋንቋ «ሎካላይዜሽን»፣ አሁን በራሱ ጊዜ ይመጣል።

ማንነቴን አስቀድሜ ልናገር። ደቡብ ወሎ ውስጥ በአንድ አገር በቀል ድርጅት 14 ዓመት ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ በሒሳብ ሠራተኛነት፣ በኋላ በፕሮጀክት አስተባባሪነት። ልጆቼን ያሳደግኩት በእርዳታ ገንዘብ ነው። «ጥቅሙ ስለተነካ ነው የሚጮኸው» የሚል ካለ መብቱ ነው። የዚህን ገንዘብ ክፉ ጎን ግን ጸሐፊው ከሩቅ የሰሙትን እኔ ደረሰኙን ይዤ አውቀዋለሁ።

«ስንዴ የለመደ ገበሬ ሞፈሩን ይሰቅላል» በሚለው ልጀምር። ሴፍቲኔትን ማለታቸው ነው፤ በገጠር በየዓመቱ የሚመጣው ትልቁ እርዳታ እሱ ነውና። በ1997 ሲጀመር 5 ሚሊዮን ያህል ሰው ይዞ ነበር፤ በኋላ ወደ 8 ሚሊዮን ደርሷል። ከአረጋውያንና ከአቅመ ደካሞች በቀር ተጠቃሚው ድርሻውን የሚያገኘው ሠርቶ ነው፦ እርከን እየካበ፣ ክትር እየሠራ፣ የቀበሌ መንገድ እየጠረገ። ልኩ በአንድ የቤተሰብ አባል ስም በወር 5 ቀን ነው፤ ያውም ጎተራው በሚጎድልባቸው ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት ወራት። በእህል ሲከፈል የቀኑ 3 ኪሎ፣ የወሩ 15 ኪሎ ይሆናል። በ15 ኪሎ ስንዴ ተማምኖ ሞፈሩን የሰቀለ ገበሬ እኔ አላጋጠመኝም። ወርኃዊው ክፍያ ሁለት ወር ዘግይቶ ሲመጣ፣ ከአራጣ አበዳሪ ተበድሮ የከረመ ገበሬ ግን ብዙ አይቻለሁ።

እኔ ያየሁት በሽታ ሌላ ነው፤ ጸሐፊው ስለ እሱ ጽፈው ቢሆን እጄን አነሳ ነበር። ሴፍቲኔት «ምረቃ» የሚባል ነገር አለው፤ ራሱን ችሏል የተባለ ቤተሰብ ተመርቆ ይወጣል። ወረዳው ግን «ዘንድሮ ይህን ያህል አስመርቅ» የሚል ኮታ ይወርድለታል። አንዲት እናት ሁለት ፍየል ገዝታ እህቷ ቤት ታሳድር ነበር። ለምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ «ወንድሜ፣ ፍየሎቹን ካዩብኝ ተመረቅሽ ይሉኛል፤ ድርቁ ግን አልተመረቀም» አለችኝ። ይህች ሴት ሒሳብ ታውቃለች እንጂ ሰነፍ አይደለችም። የተበላሸው የሚመረቀውን ሰው ቁጥር ፊቷን አይቶ የማያውቅ ቢሮ መወሰኑ ነው።

ገንዘቡ ዞሮ ወደ ሰጪው ይገባል ላሉት፣ አብዛኛው እውነት ነው፤ አልከራከርም። አሜሪካ የምግብ እርዳታ ሕጓን እ.ኤ.አ. በ1954 ስታወጣ ዓላማዋ የተራበን መመገብ ብቻ ሳይሆን የተትረፈረፈ ምርቷን ማራገፍም ነበር። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሚላከው እህል ቢያንስ ግማሹ የአሜሪካን ባንዲራ በሰቀለ መርከብ መጫን ነበረበት። በእኛም አገር በ1994 የበቆሎ ዋጋ ወድቆ ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው፣ ጅቡቲ ላይ የእርዳታ እህል መራገፉ አልቆመም። ይህን የሚያስታውስ የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ቢረግማቸው አልፈርድበትም።

ከዚህ ተነስቶ «እንግዲህ ቀርቶ ይሻለናል» ማለት ግን፣ ቧንቧው በየመንገዱ ያንጠባጥባል ብሎ ምንጩን እንደመድፈን ነው። የተጠገነ መስመር እኮ አይተናል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የነበረውን የመጠባበቂያ እህል ክምችት ይውሰዱ። የረድኤት ድርጅት መርከቡ እስኪደርስ ከክምችቱ ይበደር፣ ሲደርስለት ይተካ ነበር፤ መጋዘኑም ቁልፉም እዚሁ ነበር። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ደግሞ «አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት» ብሎ ተነስቶ ነበር። የፈቀዱ ለጋሾች ገንዘባቸውን በአንድ ቋት ጨመሩ፤ ከቋቱ ምን ይገዛ የሚለውን የሚወስነው ሚኒስቴሩ ሆነ። ሁሉም ለጋሽ አልገባበትም። በ1995 በተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው የተመደቡት ከ30,000 በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ደመወዛቸው ከመንግሥት፣ የሚይዙት ክትባትና መድኃኒት ደግሞ በብዛት ከውጭ ነበር። ያቺን ልጅ ሰማያዊ ቦርሳዋን አንግታ ሽቅብ ስትወጣ ያየ ሰው፣ የውጭ ገንዘብ በአገር ሰው ሲመራ ምን እንደሚመስል አይቷል። ልጆቻችን ያደጉበትን ፋፋንም አይርሱ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ በስዊድን ድጋፍ የተጀመረ ነው፤ ዛሬ የአገር ውስጥ ፋብሪካ ምርት ነው፤ ስሙም አማርኛ ነው።

ስለ ሌብነቱ አጭር ልሁን። ጸሐፊው በ2015 የተገኘውን የእርዳታ እህል ዝርፊያ አንስተው «ይኸው ማስረጃው» ብለዋል። ዝርፊያው ተፈጽሟል። እርዳታው መጀመሪያ በትግራይ፣ ከዚያም በሰኔ በመላ አገሪቱ ቆመ፤ በአገር አቀፍ ደረጃ የተመለሰው ታኅሣሥ 2016 አካባቢ ነው። በእነዚያ ወራት ጦሙን ያደረው ግን ሌባው አልነበረም። በጥር 2016 የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በትግራይና በአማራ ክልል ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎች በረሃብ መሞታቸውን አስታውቋል፤ ድርቁና የሰሜኑ ጦርነት ጠባሳም ተደራርበው ነበር። ዱቄት ቤቱን ሌባ ደፍሮታል ተብሎ ልጆች ራት አይከለከሉም፤ ቁልፍ ይቀየራል። የተቀባዮች ስም ዝርዝር በቀበሌው ግድግዳ ላይ በተለጠፈበት ቦታ ስርቆቱ እንዴት እንደሚቀንስ አውቃለሁ፤ የሞተ ሰው ስም ሰፍሮ ሲገኝ መጀመሪያ የሚጮኸው ጎረቤት ነውና።

አሁን ወደ እድሩ ልምጣ። የጽሑፉ ጣፋጭ ክፍል እሱ ነው፤ እኔም የምወደው እሱን ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ዘለግ እላለሁ።

በ2013 ክረምት ማብቂያ ከራያ ቆቦና ከወልድያ የተፈናቀለው ሰው ደሴ ሲገባ፣ መጀመሪያ የደረሰለት የመንግሥት መኪናም የውጭ ድርጅትም አልነበረም። የሰፈር ሰው ነው። የእኛ እድር ለሀዘን የሚተከለውን ድንኳን ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ተከለ። ትልልቆቹ ብረት ድስቶች ወጡ። ሙስሊሟም ክርስቲያኗም በተራ ንፍሮ ቀቀሉ፤ ፍራሽና ብርድ ልብስ ከየቤቱ ተሰበሰበ። የእድራችን ዳኛ መዝገቡን ይዘው በር በበር እየዞሩ ዱቄት በኪሎ ይጽፉ ነበር፤ «ያላመጣ እንደ ቀብር ቀሪ ይቀጣል» እያሉ ያስቁን ነበር። እንዲያ ያለ ሳምንት በዕድሜዬ አላየሁም።

በሦስተኛው ሳምንት ዱቄቱ አለቀ። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የደሴ ሰው ደመወዙ ያው ነው፣ ጤፉ ግን በየቀኑ ይወደዳል፣ የሚመጣው ሰውም አያቋርጥም። ከዚያ በኋላ በዚያው ድስት ውስጥ የበሰለው ከውጭ የመጣ ስንዴ ነው። ያበሰሉት ያው ሴቶች ናቸው፤ ማን ይቅደም የሚለውን የወሰኑትም ያው ዳኛ ናቸው። ጥቅምት 2014 ላይ ደግሞ ጦርነቱ ራሱ ደሴ ገባ። እንግዳውም አስተናጋጁም አብረን በኮምቦልቻ አድርገን ወደ ደብረ ብርሃን ወረድን። ዳኛችን መዝገቡን ሸሚዛቸው ውስጥ ሸጉጠው ይዘውት ነበር። ድስቶቹ ግን ቀሩ።

እድር የሚሠራው ሀዘን በተራ ስለሚመጣ ነው። ዛሬ የእኔ ቤት፣ የዛሬ ወር የጎረቤቴ። መቶ ሃምሳ ቤት ለአንድ ቤት ሲያዋጣ ማንም አይጎዳም። ድርቅ፣ ጦርነትና አንበጣ ወረፋ አያውቁም፤ መቶ ሃምሳውንም ቤት በአንድ ሌሊት ያንኳኳሉ፤ ያን ጊዜ አዋጪው ማን፣ ተቀባዩ ማን? በ2008ቱ ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰው ነበር እርዳታ የፈለገው። መንግሥት በዚያ ዓመት ከራሱ ካዝና በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር አውጥቷል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። እሱም ብቻውን አልበቃም።

ጸሐፊው «የራሳችን ፈጠራ» ብለው ስላሞገሱት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም አንድ ነገር ልጨምር። ሙገሳው ይገባዋል። እድርን ከሰፈር ወደ ወረዳ ማሳደግ ማለት ነው፤ መዋጮው ከየቤቱ፣ መክፈል የማይችለውን ድኃ የሚለየው የቀበሌው ሰው፣ የድኃውን የሚሸፍነው መንግሥት። ነገር ግን በ2003 በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ለጥናቱና ለስልጠናው ድጋፍ ያደረገው ያው «ተገላገልነው» የተባለው ዩኤስኤአይዲ ነበር። የውጭው ገንዘብ ሙከራውን ገዛ፣ ውሳኔው ግን እዚህ ቀረ። ከዚህ የተሻለ የሎካላይዜሽን ምሳሌ ጸሐፊው ያላቸው አይመስለኝም፤ ሳያውቁት ለእኔ ሰጡኝ።

ግድቡስ? ግድቡ ኩራቴ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 መሠረቱ ሲጣል የወር ደመወዜን በዓመት ከፋፍዬ ከፍያለሁ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅም ከልጆቼ ጋር ቴሌቪዥን ፊት ቆሜ አይቻለሁ። ሆኖም ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና መዝገቡን ልግለጠው። ከወጪው ትልቁን ድርሻ የተሸከመው የሕዝቡ መዋጮ ሳይሆን የንግድ ባንክ ብድር ነው፤ ኃይሉን ወደ ሆለታ የሚያደርሰው መስመርም በቻይና ብድር ተሠርቷል። ይህ የሚያሳፍር አይደለም፤ ግድብ መብራት ሸጦ ዕዳውን ይከፍላል። የኤችአይቪ መድኃኒት ግን ምን ሸጦ ይከፍላል? ዕድሜ ልክ በየቀኑ መድኃኒት የሚውጥ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ወገን አለን። ቦንድ ገዝቶ ወለድ የሚጠብቅ ሰው እዚያ ገንዘቡን አያስገባም። በ2010 በውጭ ያለው ወገናችን «በቀን 1 ዶላር» እንዲያዋጣ ሲጠራም የተሰበሰበው ከታሰበው እጅግ ያነሰ ጥቂት ሚሊዮን ዶላር ነበር። ስስታም ስለሆነ አይደለም። ሪያድ ያለችው እህት፣ ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳው ወንድም፣ ገንዘቡን የሚልኩት ስሟን ለሚያውቋት እናታቸው ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ነው በእውነት ያስቆጣኝ፤ ሎካላይዜሽን «አሁን በራሱ ጊዜ ይመጣል» የሚለው።

ቃል ሲገባ የቆየው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢስታንቡሉ ጉባኤ ዙሪያ ለጋሾችና ትልልቅ ድርጅቶች ከሰብአዊ እርዳታው 25 በመቶው በተቻለ መጠን በቀጥታ ለአገር በቀል ድርጅቶች እንዲደርስ እስከ 2020 ቀን ቆረጡ። አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2021 ዩኤስኤአይዲ በተራው እስከ 2025 ድረስ 25 በመቶ አለ፤ ከ10 በመቶ እምብዛም ፈቀቅ ሳይል ራሱ ተዘጋ። እኛ የምንሠራው በሦስተኛ እጅ ነበር። ዋሽንግተን ለአንድ ትልቅ ድርጅት፣ እሱ ለአዲስ አበባ ቢሮው፣ አዲስ አበባ ለእኛ። ለእኛ ሲደርስ እያንዳንዱ የበጀት መስመር ተቆልፎ ነው።

በደቡብ ወሎ ቃሉ ወረዳ፣ ቆላው ላይ አንድ የእጅ ፓምፕ ነበር። ጎሚኒው፣ ማለትም የጎማ ማጥበቂያው፣ ተበልቶ መሳብ አቁሟል። ዕቃው ርካሽ ነው፤ ደሴ ገበያ ውስጥ ይገኛል። እኛ ይዘን የሄድነው በጀት ግን «የውኃ ኮሚቴ አቅም ግንባታ ስልጠና» ይላል፤ ሦስት ቀን፣ ከአበልና ከሻይ ጋር። ዋርካው ስር ዕቅዱን ሳስረዳ አንድ አዛውንት በትራቸውን ተመርኩዘው ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ «የኔ ልጅ፣ ይሄ ስልጠና የምትሉት ውኃ ያወጣል ወይ?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ መስመሩን ለመቀየር ደብዳቤ ጻፍኩ፤ መልሱ በአምስተኛው ወር መጣ፤ «ስልጠናው ይቅደም» ይላል። አሰለጠንናቸው። ሥልጣኑ ያለበት ቦታ ያኔ ገባኝ፦ ስልጠና የሚለውን ቃል ሰርዞ ጎሚኒ ብሎ መጻፍ የሚችለው ሰው ጋ ነው።

ጸሐፊው የሚሉት ያ ሰው ስለሄደ እስክሪብቶው ለአዛውንቱ ተረፈ ነው። ያየሁትን ልንገራቸው። ፕሬዚዳንት ትራምፕ እርዳታውን ለ90 ቀን ያስቆሙት ጥር 12 ቀን 2017 ነው። እኛ ቢሮ «ሥራ አቁሙ» የሚለው ኢሜይል የደረሰው በሳምንቱ ሰኞ ነው። የወሩን ነዳጅና የመኪና ኪራይ ከራሳችን አስቀድመን ከፍለን ነበር፤ በኋላ ይመለሳል በሚል ውል። መጋቢት ሳይገባ ሦስት ባለሙያ አሰናበትን፤ ሒሳብ ክፍሉ እኔና አንዲት ልጅ ብቻ ቀረን። ከዩኤስኤአይዲ ፕሮግራሞች 83 በመቶው መሰረዙ ሲነገር እኛ የለጠፍነው የቢሮ ኪራይ ማስታወቂያ ከአጥሩ ላይ ነበር። ከላያችን የነበረው ትልቅ ድርጅት ተጎድቷል፤ ግን አለ፤ ሌላ ለጋሽ፣ ተቀማጭ ገንዘብ፣ አውሮፓ ውስጥ ዋና መሥሪያ ቤት አለው። ማዕበል ሲመጣ ቀድማ የምትሰምጠው ታንኳዋ ናት፤ «በራሱ ጊዜ» የቀረው ሎካላይዜሽን ይህ ነው። በጤናውም በዚህ ገንዘብ የተቀጠሩ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ውላቸው ተቋርጧል፤ እነሱም የአገር ሰዎች ነበሩ።

ለታንኳዋ መሳሳት ጥፋቱን ሁሉ ለውጭ ሰው አልሰጥም። አዋጅ ቁጥር 621/2001 በመብት ጉዳይ የሚሠሩ ማኅበራት ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ እንዳያገኙ ሲከለክል ስንቱ ተዘጋ፣ ስንቱ ስሙን ቀይሮ ጓሮ አትክልት ማስተማር ጀመረ። ከበጀቱ 70 በመቶው ለሥራ፣ ቢበዛ 30 በመቶው ለአስተዳደር ይዋል በሚለው የ70/30 መመሪያ ደግሞ ብዙው የስልጠናና የጉዞ ወጪ «አስተዳደራዊ» ተብሎ ተቆጠረብን። በ2011 አዋጁ በሌላ ተተክቷል፤ በአሥር ዓመት የፈረሰ ተቋም ግን በአዋጅ ማግስት አይነሳም።

«የአገር ሰው ይምራው» ሲባልም የትኛው የአገር ሰው የሚለው ጥያቄ አለ። በ1960 በአርሲ ጭላሎ በስዊድን ድጋፍ የተጀመረው የግብርና ልማት ፕሮጀክት፣ ካዱ፣ ለገበሬው ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አቀረበ፤ ምርቱም አደገ። መሬቱ ዋጋ ሲያወጣ ባለርስቱ ትራክተር አስገብቶ ጭሰኛውን አባረረው። ባለርስቱም እኮ የአገር ሰው ነበር። ጸሐፊው ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

እኔ ምን ይሁን እላለሁ? መድኃኒቱንና ክትባቱን መንግሥት በየዓመቱ ድርሻውን እየጨመረ በራሱ በጀት ውስጥ ያስገባቸው፤ በቁጥር፣ ምክር ቤት ፊት። የቀረው የውጭ ገንዘብ እንደ ጤናው ቋት በአንድ ይሰብሰብ፣ ከቋቱ ላይ የወረዳ ምክር ቤትና አገር በቀል ድርጅት ድምፅ ይኑረው። ለአገር በቀሉ የሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝና የቢሮ ኪራይ እንደ ሥራ ወጪ ይቆጠርለት፤ የትልልቆቹ ይቆጠርላቸው የለ? ይህ ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ከቀድሞው ያነሰ ሊሆን ይችላል፣ ባዶ ግን አይሆንም።

ባለፈው ግንቦት ወደዚያ ቀበሌ ደውዬ ነበር። ጎሚኒውን ቀይረውታል፤ ከየቤቱ አዋጥተው፣ የሰለጠነው ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ራሱ ደሴ ወጥቶ ገዝቶ ነው የመጣው። ይህን ለጸሐፊው እሰጣቸዋለሁ። ፓምፑ ለአንድ ክረምት ሠራ። አሁን ጉድጓዱ ራሱ ደርቋል፤ ውኃው ወደ ታች ሸሽቷል፤ ጠለቅ ያለ ቁፋሮ ካልሆነ አይገኝም አሉኝ። ወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ስጠይቅ የመቆፈሪያ ማሽኑ ዞን ላይ አንድ ብቻ እንደሆነ፣ እነሱም ወረፋ ላይ መሆናቸውን ነገሩኝ። ስንተኛ እንደሆኑ ስጠይቅ ስልኩን የያዘው ልጅ ወረቀት ሲያገላብጥ ይሰማኝ ነበር፤ «አሥራ ሰባተኛ» አለኝ።